መብራቱ እስኪስተካከል የምትቆመው ሴት

ሰው ዕድሜውን በሌላ ሰው ቦታ ቆሞ፣ የቦታው ባለቤት ስትመጣ ዞር እያለ ኖሮ፣ አንድም ቀን ሳይቀና እንዴት ያረጃል? ከኦፓል ኪንኬድ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጎራብተን ስንኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ጥያቄ ግን ዛሬም መመለስ አልችልም። አንድ ቀን ደፍሬ ራሷን ጠየቅኋት።

«መቅናት?» አለች፣ ብርቱካን መላጧን ሳታቆም። «በምኑ? እሷ እኮ ሁልጊዜ ከእኔ በኋላ ነው የምትመጣው።»

ቀልድ ይሁን መልስ ለይቼ አላወቅሁም።

ግቢያችን በርባንክ ውስጥ፣ ከስቱዲዮዎቹ አጥር ጀርባ ነው። ትንንሽ ቤቶች አንድ የሎሚ ዛፍ ከበው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከተከራዮቹ የሚበዙት ጡረታ የወጡ የፊልም ሠራተኞች ናቸው። ልብስ ሰፊ የነበረች አለች፣ ከእንጨት የተሠራ ግድግዳ ድንጋይ እስኪመስል ቀለም ይቀባ የነበረ አለ። ኦፓል ደግሞ ቋሚ ነበረች። አንዱን ትዕይንት ከማንሣት በፊት መብራቱን ማስተካከል ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ኮከቧ ያን ሁሉ ሰዓት መብራት ሥር ከቆመች ታልባለች፣ ፊቷም ይጠወልጋል። ስለዚህ በቁመትና በመልክ የምትቀርባት ሌላ ሴት ወለሉ ላይ በተለጠፈች ፕላስተር ላይ ትቆማለች። ቀና በይ ይሏታል፣ ቀና ትላለች። ወደ ግራ ይሏታል፣ ትዞራለች። ሁሉም ሲያልቅ አንዱ «ዝግጁ» ብሎ ይጮሃል፤ ያኔ ቋሚዋ ትወጣለች፣ ኮከቧ ትገባለች። ኦፓል ሃያ ዓመት ሙሉ የቆመችው ለማርሴላ ቴይን ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን «ሚስስ ኪንኬድ» እያልኩ ስጠራት «ኦፓል በለኝ፤ ማዕረጉ የሌላዋ ነው» ትለኝ ስለ ነበር አንቺ ማለቱን ለመድኩ።

እሑድ ጧት ጋዜጣ ሲመጣ የግቢው ሰው የቴሌቪዥኑን ፕሮግራም ራሱ አያነብም። ኦፓልን ይጠይቃል። ሚስስ ሃጎፒያን ከፊት ለፊት መስኮቷ አንገቷን አውጥታ ትጣራለች።

«ኦፓል፣ ዛሬ የሚታይ ነገር አለ?»

«ከሰዓት በኋላ ‹ሁለት ቁልፍ ለአንድ በር› አለ።»

«ጥሩ ነው?»

«እስከ ደረጃው ድረስ ጥሩ ነው። ማርሴላ ደረጃውን ወርዳ በሩን ከዘጋች በኋላ ተነሺና እራትሽን ሥሪ፣ ምንም አይቀርብሽም።»

«መጨረሻ ላይ ያገባታል?»

«ካላገባት ስቱዲዮው ይዘጋል።»

«ያለፈውንም ጥሩ ነው ብለሽኝ ባሌ ወንበሩ ላይ አንኮራፋ።»

«የአንቺን ባል ዝም ያሰኘ ፊልም ጥሩ ካልሆነ የቱ ሊሆን ነው?»

ለእኔም እንዲሁ ትመርጥልኛለች። ታሪኩ ብዙም አያስጨንቃትም። «ይሄኛውን እየው፤ ወንዱ እንጨት ነው፣ ግን ሴትዮዋ ጓንቷን ስታወልቅ እጇን ተመልከት» ትለኛለች። «የካቲት ነበር፤ ማሞቂያው ተበላሽቶ ነበር። የምትንቀጠቀጠው የምሯን ነው።» ባትነግረኝ ኖሮ እንዲህ ያለውን እጅ ሳላይ የማልፈው ፊልም ብዙ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሳሎኗ ውስጥ የሠርጓ ፎቶ ተሰቅሏል። ባሏ ፍሎይድ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወተት አመላላሽ ነበር። ፎቶው ላይ በአዲስ ሱፍ ብቻውን ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ጎን ያያል፤ በሚያይበት በኩል የነጭ ቀሚስ ጫፍ ሾልኮ ሲወጣ ይታያል። ፎቶ አንሺው «ዝግጁ» ሲል የኦፓል እግር እንደ ለመደው ይዟት ሄዷል።

«ሌላ አላነሣችሁም?» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ አነሣን። ከሁሉም ይበልጥ እኔ ያለሁበት ይሄ ነው።»

አልቀለደችም። ለነጻነት በዓል ግቢው ተሰብስቦ ፎቶ ስንነሣ የኦፓል ወንበር ባዶውን ወጥቷል። የልጇ የትምህርት ቤት ምረቃ ላይም እንዲሁ ሆኗል ይባላል። የሚያውቃት ሰው ፎቶ ሊያነሣት ሲፈልግ ምንም ሳይናገር ያነሣታል።

ከሁለት ቤት ወዲያ የሚኖረው ሩፎ ሳንዶቫል በዚያው ስቱዲዮ መብራት ሠራተኛ ነበር። እሷን «ጥላ» ይላታል፣ እሷ ደግሞ «አምፖል» ትለዋለች። ከምሳ በኋላ ሎሚው ሥር ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ያጭበረብራሉ፤ ሁለቱም ይካካዳሉ። ባለፈው ታኅሣሥ ሩፎ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ድንጋዮቹን ሳያነሣ ተቀመጠ። እኔ ደጃፌ ላይ መጽሐፍ ይዤ ነበር።

«ጥላ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ግን ዶሚኖውን እንዳትወረውሪብኝ።»

«እጅጌህ ውስጥ የደበቅከውን አውጣና ተናገር።»

«ያኔ ሳንባሽን ታመሽ ተራራው ላይ ሆስፒታል ስትተኚ፣ ቦታሽን የጠበቀልሽ ማን ነው?»

«ሥራ አስኪያጁ ነዋ። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«እሱ ሰውዬማ በሳምንቱ ሌላ ሴት ቀጥሮ አመጣ።»

ኦፓል ድንጋዮቿን አስቀመጠች። ሩፎ አንገቱን ደፍቶ ቀጠለ። አዲሷ ልጅ ፕላስተሩ ላይ ስትቆም ማርሴላ ቴይን ከክፍሏ ወጣች። ልጅቷን በመልካም ቃል አሰናበተቻት፣ ሌላ ፊልም ላይ ሥራ እንዲፈልጉላትም አዘዘች። ከዚያ «እዚህ ቦታ ላይ ሰው አለ፤ እስክትመጣ እኔ እቆማለሁ» ብላ ራሷ ቆመች። ኮከብ ለራሷ መብራት ስትቆም ያየ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ኦፓል ድና እስክትመለስ፣ ክረምቱ አልፎ አበባ እስኪያብብ ድረስ፣ ማርሴላ በየጧቱ መብራት ሥር ቆማ ስታልብ ከርማ፣ «ዝግጁ» ሲባል እዚያው እንዳለች ትተውን ነበር።

«ለኦፓል የነገረ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም አለችን» አለ ሩፎ። «ቃላችንን ሰጠን።»

«አርባ ዓመት?»

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳስበው፣ ይዤው ብሞት ማንንም አይጠቅምም አልኩ።»

«እኔ ለዚያ ሰውዬ በየገናው ኬክ ስጋግርለት ኖሬያለሁ» አለች ኦፓል።

«እናውቃለን። ጣፋጭ አይወድም ነበር፤ ለእኛ ነበር የሚሰጠን። ጥሩ ኬክ ነበር።»

ተነሥታ ገባች። ሩፎን ለአንድ ሳምንት አላናገረችውም።

ነገሩ ለምን እንደከበዳት የገባኝ በኋላ ነው። በታመመችበት ጊዜ ፍሎይድ በጦርነቱ ሞቶ ነበር። የአራት ዓመት ልጇን ካንሳስ ላለች እህቷ ልካታለች። እህቷ ልጅ የላትም፤ ልጅቷንም ወዳታለች። ከሆስፒታል ስትወጣ ሥራ ባታገኝ ኖሮ ልጇን ለመውሰድ አፍ አይኖራትም ነበር። ሥራዋ ግን ጠበቃት፤ ልጇን በባቡር አምጥታ አሳደገች። ልጇ ዛሬ ኦሪገን ናት፣ የልጅ ልጅም አላት። ኦፓል ያን ሁሉ ያገኘችበትን ውለታ ለማያገባው ሰው ስትመልስ ኖራለች፤ ለባለውለታዋ ግን ከእሷ ጋር ሃያ ዓመት ውላ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ ራቃት። እኔም ማታ ማታ ሳነብ የማመሽ ስለሆንኩ ወንበሯ ሲንቋቋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ለማርሴላ ጻፈችላት። በፖስታ የመጣላት መልስ የማርሴላ የወጣትነት ፎቶ ነበር፣ ሥሩ «ከመልካም ምኞት ጋር» የሚል ፊርማ ያለበት፤ ለአድናቂ ሁሉ የሚላከው ዓይነት። ደግማ ጻፈች፤ ያው ፎቶ ደግሞ መጣ። ሦስተኛውን ፎቶ ስታሳየኝ «ለገዛ ጥላዋ ፎቶ የምትልክ ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም። ወደ ፓሳዴና ሄዳም የማርሴላን ቤት ደወል ደውላለች። ማርሴላ ግማሽ ጎኗን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ፊቷን ማንም እንዲያይ አትፈልግም፤ ንግግሯም ስለሚጎተት ስልክ አታነሣም። ነርሷ ከበሩ በአክብሮት መለሰቻት።

የካቲት ላይ፣ እሑድ እሑድ የቆዩ ፊልሞችን የሚያቀርበው ክላይድ ፔሪን፣ የወሩን እሑዶች በሙሉ ለማርሴላ ቴይን ፊልሞች መስጠቱን በቴሌቪዥን ተናገረ። ከእሷ ጋር የሠራ ሰው ካለ ይደውል አለ። ሩፎ ኦፓልን ሳይጠይቅ ደወለ። ክላይድም በስልክ አንድ ነገር ነገረው፤ ሩፎ መጥቶ ለኦፓል እንዲህ አላት፦

«ነርሷ ለክላይድ እንደ ነገረችው ማርሴላ ማንንም አታነጋግርም፤ እሑድ ግን አልጋዋን ወደ ቴሌቪዥኑ ታስዞራለች፣ አንድም ቀን አልፏት አያውቅም። ሐኪሞቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የላትም ብለዋል።»

«እና?»

«እናማ የምትገቢበት በር ይሄ ብቻ ነው። ሰውዬው ረቡዕ ካሜራ ይዞ ይመጣል።»

«አንተ አምፖል፣ ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ለዚህኛውም አርባ ዓመት ልጠብቅ?»

ረቡዕ ጧት ሁለቱም ሰማያዊ ቀሚሶቿ ወንበር ላይ ተዘርግተው አገኘኋቸው፤ የትኛው ይሻላል ብላ ሁሉንም ሰው ጠይቃለች። የምትለውን በቃሏ አጥንታለች፤ አንዳንዱን ቃል ሊፍት ላይ እንዳለ ሰው ወደ ላይ እያየች ስትደጋግም ሰምቻታለሁ። ክላይድ ፔሪን ቢራቢሮ ክራቫት ያሰረ፣ ለስላሳ ሰው ነበር፤ እጇን በሁለት እጁ ጨበጣት። ካሜራ ያዡ ወጣት ሳሎኗ ውስጥ ሁለት መብራት አቆመ። ፊቷን ፓውደር ሲቀቧት ቀሚሷ እንዳይበላሽ አንገቷ ላይ ሶፍት ሻጡላት። እሷም መብራቱ ሥር እንደ ተቀመጠች አገጯን አስተካክላ፣ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ፣ ካሜራ ያዡ ሳይነግራት ትክክለኛው ቦታ ላይ ሆና ጠበቀች። ሶፍቱን አነሡላት።

«ዝግጁ» አለ ካሜራ ያዡ።

ኦፓል ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ወጥ ቤት ስትደርስ ነው ያወቀችው። ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀች፣ ተቀመጠች። ክላይድ ለልጁ ያንን ቃል እንዳይናገር በምልክት ነገረው። ልጁ በጸጥታ ካሜራውን አስነሣ፤ ቀይዋ አምፖል በራች። ኦፓል አየቻትና ወንበሩን ይዛ ታገለች፤ ጣቶቿ ነጡ፤ አፏ ተከፈተ፤ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት፤ ከዚያ ደግሞ ተነሣች። በሦስተኛው ሙከራ ዓይኗ እንባ ቋጠረ። «የእኔ ቦታ አይደለም» አለች ክላይድን። «ይሄ ሰዓት የእኔ አይደለም። እግሬ እምቢ አለኝ። በከንቱ አደከምኳችሁ።» ክላይድ ሰዓቱን አላየም፤ ካሜራ ያዡ ግን አየ።

ሩፎ ጥግ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ነበር። ወደ ክላይድ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካሜራ ያዡን ተቆጣ።

«ልጄ፣ ይሄን መብራት ማን ነው ያስተማረህ? አፍንጫዋ ግማሽ ፊቷን በልቷታል። ቁጭ በል፣ እኔ ላስተካክለው። ጥላ፣ ቦታሽ ላይ ሁኚ፤ ብዙ ሥራ አለ።»

ኦፓል እፎይ ብላ ተቀመጠች። ሶፍቱን ራሷ አንገቷ ላይ መልሳ ሻጠች። ሩፎ ኮፍያውን ቀይዋ አምፖል ላይ ሰቀለ፣ መብራቱን ወደ ቀኝ ጥቂት ገፋ፣ ወደ ግራ ጥቂት መለሰ፣ እንደገና ገፋ።

«ቀና በይ።»

ቀና አለች።

«ለመሆኑ መጨረሻ ላይ ምን ልትያት ነው? ያን ሁሉ ስታጠኚ ከረምሽ።»

«ረሳሁት እባክህ።»

«የማታስታውሺውን ተይውና የምታስታውሺውን ንገሪኝ። ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ እስቲ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። እንዲህ ነበር ያለችው።

«እንዲህ ነዋ የምላት። ሚስ ቴይን፣ እርስዎ ለእኔ የቆሙበት ጊዜ ልጄ ካንሳስ ነበረች፣ አራት ዓመቷ ነበር። አሁን አያት ሆናለች። እኔ ሥራው እንዴት እንደ ጠበቀኝ ሳላውቅ አርባ ዓመት ኖርኩ። ምስጋናውን ለሌላ ሰው ሰጠሁት፤ በኬክ መልክ። በየጧቱ ‹እንደምን አደሩ› ስልዎ እርስዎ ያውቁ ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር። አንድም ቀን በዓይንዎ እንኳ አላስታወሱኝም። እኔ መቆም ሥራዬ ነው፣ ለምጄዋለሁ፤ እርስዎ ግን ሙቀት አይችሉም ነበር። ይህን ነው ልላት የምፈልገው። ልጄን ያሳደጉልኝ እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ያንሳል፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም።» ከዚያ ወደ ሩፎ ዞረች። «ጨርሰሃል? አንገቴን አመመኝ።»

«ጨርሻለሁ» አለ ሩፎ፤ ኮፍያውን ከካሜራው ላይ አነሣ። ቀይዋ አምፖል በርታ ነበር።

ኦፓል አምፖሏን አየች፣ አንገቷ ላይ ያለውን ሶፍት በእጇ ዳሰሰች። ያ ሁሉ ሰው ማልቀስ ጀምሮ ስለ ነበር ማንን እንደምትቆጣ ግራ ገባት። «እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም» አለች።

ክላይድ አጠገቧ ተንበረከከ። «ሚስስ ኪንኬድ፣ ካልፈቀዱልኝ አሁኑኑ እዚህ ፊትዎ አጠፋዋለሁ። ቃሌ ነው።»

«ከነሶፍቱ ነው የሚወጣው?»

«ከነሶፍቱ ነው።»

ሶፍቱን ከአንገቷ አውጥታ አጠፈችው። «እሷ ሶፍት አይታ አታውቅ ይመስል» አለች በመጨረሻ። «ይሁን፣ ተወው።»

የሚቀጥለው እሑድ ተራው ‹ከሞንቴሬይ በኋላ ዝናብ› ነበር፤ ያ የሕመሟ ጊዜ የተሠራው ፊልም። ኦፓል እሷ ያልቆመችበት ስለሆነ አይታው አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሳሎኗ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሚስስ ሃጎፒያን ባሏን አስከትላ መጣች። ከፊልሙ በፊት ኦፓል ከነሶፍቷ በቴሌቪዥኑ ወጣች፤ ተናግራ ጨረሰች። እሷ ራሷን አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ጭኗ ላይ አጣብቃ ነበር። ከዚያ ፊልሙ ተጀመረ። ማርሴላ ቴይን ባቡር ጣቢያው ላይ ቆማ የማይመጣ ሰው ስትጠብቅ ግንባሯ ላይ ላብ ያበራል፤ ዓይኗ ሥር ድካም አለ። መጽሔቶች ያኔ ይህን ድካም እንደ ታላቅ ትወና አወድሰውት ነበር ይላል ሩፎ። ኦፓል ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ግንባሯን እያየች፣ «ሚስስ ሃጎፒያን፣ ይሄንን እስከ መጨረሻው እዪው» አለች ቀስ ብላ።

ፊልሙ አልቆ ሰው እንደ ወጣ ስልኩ ጮኸ። ሩፎና እኔ ስኒዎቹን እያነሣን ነበር። ኦፓል አነሣች፤ ነርሷ ነበረች፤ ድምፅዋ ከቆምኩበት ይሰማኛል።

«ሚስስ ኪንኬድ? ሚስ ቴይን እዚህ ሆና ታዳምጠናለች። ተናገሪልኝ ያለችኝን ነው የምነግርዎ።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«በመጀመሪያ መብራቱን ማን ነው ያበላሸው ብላለች።»

ሩፎ ስኒውን አስቀመጠ። «ንገሪያት፣ እሷን ሃያ ዓመት ያሳመርኳት እኔ ነኝ በያት» አለ። ኦፓል በእጇ ዝም አሰኘችው።

በመስመሩ ማዶ የሚጎተት፣ የተሰባበረ ድምፅ ተሰማ፤ ነርሷ እያዳመጠች ቆየች። ከዚያ ተመለሰች። «‹ሙቀቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም በያት› ብላለች። ‹እዚያ ቆሜ ሳየው ሥራሽ ከእኔ ሥራ ይከብዳል ብዬ አስብ ነበር› ብላለች። ደግሞ...» አለች ነርሷ፤ «የልጅቷን ስም ትጠይቃለች። ያኔ ሳትጠይቅዎ ቀርታ ቆጭቷታል።»

«ዶሪስ» አለች ኦፓል። «ዶሪስ ናት ስሟ።»

ነርሷ ስሙን ለሌላኛዋ ስትደግምላት ሰማን፤ ያ የተሰባበረ ድምፅም ቀስ ብሎ፣ አንዴ ተሳስቶ፣ ሁለተኛ ጊዜ አስተካክሎ ጠራው። ኦፓል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጥ ነበር። መስመሩ ሲዘጋ በዝግታ አስቀመጠችው።

«ሩፎ፣ በሩን ስትወጡ ሳቡት» አለች። ጫማዋን አወለቀች፣ መነጽሯን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። እኛ የቀሩትን ስኒዎች አጥበን ሳንጨርስ ትንፋሿ ረጅምና እኩል ሆኖ ሲመጣ ሰማነው። መስኮቱ ላይ ገና ፀሐይ ነበር፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።